ስንጥቁን በስንዝር የለካው ገበሬ

ከተራራ ሥር የሚኖር አንድ ገበሬ ነበረ። የተማረ አልነበረም፤ ሀብታምም አልነበረም። ሁለት በሬ፣ አንዲት ጊደር፣ የገብስና የባቄላ ማሳ ነበረው፤ ከተማ ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትኖር አንዲት ልጅም ነበረችው። በመንደሩ የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲናገር አይጨምርም። ከገበያ ሲመለስ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ቢሉት «ሰው ነበረ» ይላል፣ ያበቃል። ጎረቤቶቹ «ይህ ሰው ወሬ አያውቅበትም» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ስንዱ ልጄ፣ ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። «የኔታ፣ ስለ ወንዛችን መበከል እውነቱን ስጽፍ ከአርባ ሰው በላይ አያነበውም፤ የውሸቱ ግን በአንድ ቀን አገር ያዳርሳል። እውነት እንድትሮጥ ትንሽ ውሸት ቢታከልባት ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?» ነው ያልሽኝ። በአንድ ቃል ብመልስልሽ ትከራከሪኛለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ የዚህን ገበሬ ነገር ስሚ።

በሚያዝያ ማለቂያ ጊደሯ ጠፋችበትና ሊፈልጋት ወደ ተራራው ወጣ። ከመንደሩ በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚያልቅበት ሣር ላይ ሲደርስ መሬቱ ተሰንጥቆ አገኘው። ስንጥቁ እየተጠማዘዘ ከአንዱ ሸንተረር እስከ ሌላው ይሄዳል። መጀመሪያ ጎርፍ የቦረቦረው መሰለው። ዱላውን ቢሰድበት ግን ጫፉ ምንም አልነካም። ተንበርክኮ ስፋቱን በእጁ ለካ፤ አንድ ስንዝር። ጊደሯ በራሷ ጊዜ ወደ ቤት ተመለሰች፤ እሱ ግን ነገሩ ከልቡ አልወጣ ብሎት በሳምንቱ እንደገና ወጥቶ ለካ። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ቀና ብሎ ባሕር ዛፎቹን ሲያይ ሁሉም ቁልቁል አዘንብለዋል። ካዘነበሉበት በታች ደግሞ ሠላሳ አንድ ቤት አለ።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄዶ ነገረው።

«ተራራ እግር የለው፤ የት ይሄዳል ብለህ ነው?» አለው ሊቀመንበሩ።

ሁለተኛ ሲሄድ «ማመልከቻ አጽፈህ አምጣ» ተባለ። አጽፎ ወሰደ። ሦስተኛ ሲሄድ «ማመልከቻህ ወደ በላይ ተልኳል» አሉት። የአገር ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ አልሰሙትም። «አያቶቻችን ተወልደው የሞቱበት መንደር ነው። አንተ ማን ሆነህ ነው የምታስነሳን?» ብለው መለሱት። እሱም ሰው ካልሰማው ምን ያድርግ፣ በየሳምንቱ እየወጣ መለካቱን ቀጠለ።

በግንቦት አጋማሽ ልጁ ልትጠይቀው መጣች። ነገሩን ሰምታ አብራው ወጣች። ስንጥቁ ያኔ ሁለት ስንዝር ሆኗል። ልጅቱ ስልኳን አወጣችና «አባዬ፣ ለእኔ የነገርከኝን እዚህ ላይ ድገመው» አለችው።

ገበሬው ስልኩን እንደ ሰው እያየ እንዲህ አለ፦ «እኔ ገበሬ ነኝ፤ የመሬት ትምህርት የለኝም። ይህ ስንጥቅ ያገኘሁት ጊዜ አንድ ስንዝር ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሆኗል። ከበታቹ ሠላሳ አንድ ቤት አለ፤ አንዱ የኔ ነው። ስለ መሬት የምታውቁ ካላችሁ መጥታችሁ እዩልን። ተሳስቼ ከሆነም ንገሩኝና አርፌ ልተኛ።»

ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዘፈን አልገባበትም፤ ጩኸት የለበትም። ልጅቱ ገጿ ላይ ለጠፈችው። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ስድስት ሰው አየው፤ ከነዚያም ብዙዎቹ የልብስ ስፌቱ ደንበኞች ናቸው። በማግስቱ አንዲት ነርስ አየችውና ሼር አደረገችው። ከእሷ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ወሰደው፤ ከሾፌሩ ሌላው፣ ከሌላው ሌላው። «ተሳስቼ ከሆነም ንገሩኝና አርፌ ልተኛ» የሚለው ቃል ሰውን ሁሉ ያዘው። በሳምንቱ ስምንት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቶ ያልተሰማ ገበሬ፣ አሁን የማያውቁት ሰዎች «ኧረ ለዚህ ሰው ድረሱለት!» እያሉ የሚጮኹለት ሆነ። ሊቀመንበሩም ከበላይ ተደውሎለት፣ «ያንን ስንጥቅ አሳየኝ እስቲ» እያለ ዳገቱን ወጣ።

ከዚያ ሁለት የምድር ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ተራራውን ሲለኩ ሰነበቱና መንደሩን ሰብስበው ተናገሩ። «ተራራው በመንቀሳቀስ ላይ ነው። የሚወርድበትን ቀን አናውቅም። ክረምቱ ሳይጠና ግን ከዚህ ውጡ» አሉ። ሕዝቡም ከወንዙ ማዶ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ድንኳን ተተክሎለት ሰፈረ። በዚያ ሰሞን የገበሬው ስም የማይነሳበት ቦታ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብጨርስልሽ ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ነገር ግን አላለቀም።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ግን ቀረ። አንድ ሳምንት ፀሐይ፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ድንኳን ውስጥ ሕፃናት ይስላሉ፤ ከብት የሚግጠው የለም፤ የባቄላው የዘር ጊዜ እያለፈ ነው። ተራራው ደግሞ ከማዶ ሆኖ ሰማያዊ መስሎ፣ ተረጋግቶ ይታያል። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻም አንድ መንገደኛ ባዶውን መንደር ዞሮ በስልኩ ቀረጸው። ዶሮ በደጅ ሲጭር፣ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ስታበራ፣ ማሳው ጦም አድሮ አሳየና «ተራራ አስፈራሪው ገበሬ ሕዝቡን ከቤቱ አባርሮ ተራራው እስካሁን እየሳቀ ነው» ብሎ ጻፈበት።

ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ሮጠ። ሰዉ ሳቀ፤ ቀልድ ወጣለት። በዚያ ሰሞን «ጀግናችን» ሲሉት የነበሩት ራሳቸው «ስንዝሩ ረዘመበት» እያሉ አላገጡበት። መሬቱን ሊቀማን ነው ያለም ነበር። ልጁ ከከተማ እያለቀሰች መጣች።

«አባዬ፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ» አለችው።

«የመጀመሪያውን ስንት ሰው ነበር ያየው?» ሲል ጠየቃት።

«ስምንት መቶ ሺህ።»

«ይኸኛውንስ?»

«ሚሊዮን ተኩል አልፏል።»

ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ፤ ዳገቱን ወጥቶ ለካና ሲመሽ ተመለሰ። «ሦስት ስንዝር» አላት። «የፊተኛው ስላየው አልቆመም፤ የኋለኛው ስለሳቀበትም አልጠበበም።»

ሕዝቡ ግን ወደ መንደሩ መመለስ ጀመረ። ፊት የተመለሰው የገበሬው ታናሽ ወንድም ነው። «በአንተ የተነሣ የአባታችን ስም የአገር መዘባበቻ ሆነ» ብሎት በሬዎቹን እየነዳ ሄደ። እሱን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሠላሳ አንዱ ቤተሰብ ሃያ ሁለቱ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በዚያው ሰሞን ገጹ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የከተማ ወጣት ከልጅቱ ጋር መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ገበሬው ሲሰደብ አዝኖለት ነው። ስልኩን ከፈተና አንድ ቪዲዮ አሳየው። ሙሉ ተራራ እንደ ፈሰሰ ጭቃ ወርዶ ቤቶችን ሲውጥ፣ ሰው ሲሮጥ፣ ሴት ስትጮኽ ይታያል።

«አባባ፣ ሕዝብ በስንዝር አይፈራም» አለ ወጣቱ። «ይህን ልልቀቀው። ከናንተ ሸንተረር ጀርባ ያለው መንደር ዛሬ እንዲህ ሆነ እንበል። በሁለት ሰዓት ሚሊዮን ሰው ያየዋል። የተመለሱት ሰዎችዎ ማታውን እየሮጡ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ውሸት ነው ቢባልስ? ነፍስ ተርፏል።»

«ይህ የየት ተራራ ነው?» አለ ገበሬው።

«እንጃ፤ የሌላ አገር ነው።»

«እነዚህ ሰዎችስ? ይቺ የምትጮኸው?»

«አላውቅም አባባ።»

ልጁም እጁን ይዛ ለመነችው። «አባዬ፣ አጎቴ እዚያ ነው ያለው። ልጆቹ እዚያ ናቸው። እባክህ እሺ በለው።»

ስንዱ፣ ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳትይው። ሰውየው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ አሰበ። በፍቅር የተለመነ ነው፤ የሚድነውም የገዛ ሥጋው ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወጣቱን ጠርቶ እንዲህ አለው፦ «ልጄ፣ ስለ እኔ ብለህ መጥተሃልና እግዜር ይስጥልኝ። እነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ በነገርኳቸው ውስጥ አንድ ጣት ጨምሬባቸው አላውቅም። ነገ የቪዲዮው ውሸት ሲገለጥ ስንጥቁም ውሸት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምን ይዤ ደጃቸው እቆማለሁ?» ወጣቱ ሊከራከረው ሞከረ፤ በመጨረሻ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ገበሬው መንደሩ ገባ። ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ እየዞረ፣ «ውጣ አልልህም። ተራራው ላይ አብረኸኝ ውጣና በእጅህ ለካው። ከዚያ የመሰለህን አድርግ» ይላል። አንዱ ይሳደባል፤ አንዱ ይስቃል፤ አንዱ እሺ ይላል። እሺ ያለውን ይዞት ይወጣል፤ ራሱ አይለካም፤ ሰውየውን ተንበርክኮ ያስለካዋል። ከዚያ ምንም ሳይናገር ይዞት ይወርዳል። በአንድ ቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴ ስድስት ጊዜ ያንን ዳገት ወጣ። ትናንት የሳቀው ዛሬ ሲጠሩት ይመጣ ጀመር፤ ከጎረቤቱ ፊት ላይ ያየው ነገር ነበርና። አራት ቀን እንዲህ ሆነ።

ከመንደሩ ጫፍ ዓይናቸው የደከመ፣ ጉልበታቸው የከዳ አንዲት አሮጊት ነበሩ። «ልጄ፣ እኔ በስልክ የሚታየውን አላይ፤ የሚወራውንም አላምን። እጄ ካልነካ ከቤቴ አልነሣም» አሉት።

«እሸከምዎታለሁ፣ እማማ» አለና ጎንበስ አለ።

መንገድ ላይ ደክሞት ሲያርፍ፣ ከጀርባው ሆነው «ሌላ ሰው ቢሆን ጀርባው ላይ አልወጣም ነበር፤ ገደል ሊጥለኝ ነው እል ነበር» አሉት። እሱም ሳቀ። ከሁለት ወር ወዲህ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ። ሲደርሱ አወረዳቸውና እጃቸውን ወደ ስንጥቁ መራው። ከውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። አሮጊቷ ጠጠር አንሥተው ጣሉና ጆሯቸውን አዘነበሉ። ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ ሲወድቅ አልሰሙም።

«አውርደኝ» አሉ። «ዶሮዎቼን ላውጣ።»

በአራተኛው ቀን መጨረሻ ከሃያ ሁለቱ ቤተሰብ ሃያ አንዱ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። የቀረው የወንድሙ ቤት ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ሄዶ ለመነው።

«ሁለተኛ አታዋርደኝም» አለ ወንድሙ። «ሰው ስልኩን ከፍቶ ሲስቅብኝ ከምኖር ተራራው ቢወርድብኝ ይሻላል።»

የወንድምየው ሚስት ግን ከሴቶቹ ጋር ወጥታ ለክታ ነበርና ልጆቿን አዝላና አስከትላ ሄደች። እሱ ከበሬዎቹ ጋር ቀረ።

በሐምሌ መግቢያ ዝናቡ ያለፈውን ሁሉ ሊያካክስ የመጣ ይመስል ወረደ። አራት ቀን አላባራም። በአምስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከማዶ ያሉት ሰዎች እንደ ብዙ መኪና ያለ ድምፅ ሰሙና ከድንኳናቸው ወጡ። ባሕር ዛፎቹ ቆመው እንዳሉ ሲሄዱ አዩ። ከዚያ ጭጋግ ሸፈነው። ጭጋጉ ሲገለጥ መንደር የለም። ሠላሳ አንድ ቤት፣ ማሳው፣ ጉድጓድ ውኃው፣ መንገዱ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር አፈር ሆኗል። ሰው ሁሉ ተቆጠረ። አንድ ሰው ጎደለ። ወንድሙን በሦስተኛው ቀን ቆፍረው አወጡት፤ በሬዎቹን ሊፈታ በረት ገብቶ ኖሯል።

ያን ጊዜ ሚሊዮኑ ተመልሶ መጣ። የሳቁት አለቀሱ። የመጀመሪያው የገበሬው ቃል እንደገና ወጥቶ በየስልኩ ዞረ፤ «ነቢዩ ገበሬ» ተባለ። ጋዜጠኛ ድንኳኑ ድረስ መጥቶ «እንዴት ቀድመው አወቁ?» ቢለው፣ «እኔ የለካሁ ሰው ነኝ እንጂ ያወቅሁ አይደለሁም። አሁን ለቅሶ ላይ ነኝ፤ ተዉኝ» ብሎ አሰናበተው።

ለቅሶው ሲያልቅ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ስትፈራው የነበረውን ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ያን ቪዲዮ ለጥፈነው ቢሆን ኖሮ አጎቴ ይተርፍ ነበር?»

ወደ ማዶው ጥቁር አፈር አየ።

«ይተርፍ ይሆናል» አላት። «እስክሞት አስበዋለሁ። ግን ዝናቡ እስኪመጣ አሥር ቀን ቆይቷል። በሦስተኛው ቀን ውሸቱ ቢታወቅብን ኖሮ ሁሉም ይመለሱ ነበር። ያኔ እማማን ምን ብዬ ጀርባዬ ላይ አወጣቸዋለሁ?»

ከዚያ ተነሥቶ የወንድሙን ልጆች ምሳ ሊያበላ ሄደ።

ስንዱ፣ እንግዲህ ወደ አንቺ ልምጣ። ገበሬው አንቺ ነሽ። ስንጥቁ የምትጽፊው እውነት ነው። በስልክሽ ውስጥ ያለው ሕዝብ ደግሞ ያ ሚሊዮን ነው፤ እሱን አልንቅብሽም፤ አንቺም አትናቂው። ስምንት መቶ ሺህ ሰው ባይጮኽለት ባለሙያዎቹ አይመጡም ነበር፤ ሕዝቡም በሙሉ አፈር ለብሶ ይቀር ነበር። ማንም የማያውቀው ሰው ቃል ከዳገት ተነሥቶ አገር ማዳረሱ የዘመናችሁ ጸጋ ነው። በእኛ ጊዜ አልነበረም።

ነገር ግን ያ ሕዝብ እውነትን ያደርሳል እንጂ አይወልዳትም። ሲበዛ አትጨምርም፤ ሲያንስ አትጎድልም። ሲስቅባት ደግሞ፣ መሳቁ አይቀርም፣ ያን ጊዜ የሚቀርሽ ቀድሞ ያልጨመርሽው አንድ ጣት ብቻ ነው። አሮጊቷ በዚያ ሰው ጀርባ ላይ የወጡት ሚሊዮን ሰው ስላየው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ «ሰው ነበረ» ሲል ሰው ስለነበረ ነው። ትንሽ ውሸት የምትዪው ይህን ነው የሚበላብሽ። ወንድሙ አልዳነም፤ ያንንም አልደበቅሁሽም። እውነት ሁሉን ታድናለች ብዬ ብነግርሽ እኔም ቪዲዮ እየጨመርሁብሽ ነው።

ስለዚህ የወንዛችሁን ነገር እንዲህ አድርጊው። ማቅለሚያ ቤቱ ውኃውን እንደበከለው የጻፍሽውን አርባ ሰው አንብቦታል አይደል? አርባ ሰው ብዙ ነው። ከአርባው የአንዱን ቤት ታውቂያለሽ። ነገ ሂጂና በር አንኳኪ፤ ወደ ወንዙ ውሰጂው፤ እጁን ይንከርበት፤ ያሽትተው። ከዚያ ሁለተኛውን ጥሪ። ያቺን ከሌላ አገር ያገኘሻትን፣ የወንዛችሁ ውኃ ያቆሰላት አስመስለሽ ልትለጥፊያት ያሰብሻትን፣ ሰውነቷ የቆሰለውን ሕፃን ፎቶ ግን ዛሬውኑ ከስልክሽ አጥፊው። ያ ቁስል የእሷ ነው። እኛ እንዳሻን የምንለጥፈው አይደለም።